ከማወቅ እስከ መቆጣጠር፦ ከፍተኛ የደም ግፊት በደራና በፎገራ አካባቢ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ዞን በአንበሳሜና በወረታ ዙሪያ የሚኖረው ማኅበረሰብ ከፍተኛ የደም ግፊትን በማወቅ፣ በመታከምና በመቆጣጠር ሂደት የሚገጥሙትን መሰናክሎች ይመረምራል። መነሻው በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች የታተሙ የጥናት ውጤቶች ሲሆኑ፣ እነዚህን ከአካባቢው አኗኗር፣ የወቅቶች ዑደት፣ የጾም ሥርዓትና የጤና አገልግሎት አደረጃጀት ጋር ያገናዝባል። ጽሑፉ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ ሕመምተኛ የሚጠፋው በአንድ ቦታ ብቻ ባለመሆኑ በአንድ ደረጃ ላይ ብቻ የሚደረግ ዘመቻ ውጤቱ ውስን መሆኑን ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የደም ግፊት፣ ደም ብዛት፣ ክትትል፣ ጨው፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ አንበሳሜ፣ ፎገራ

1. መግቢያ

ከፍተኛ የደም ግፊት አለ የሚባለው የላይኛው ልክ 140 ወይም የታችኛው ልክ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲያልፍ፣ ይህም በተለያዩ ቀናት በተደረገ ልኬት ሲረጋገጥ ነው። የላይኛው ልክ ልብ ደም በምትገፋበት ቅጽበት፣ የታችኛው ደግሞ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያሳያል። ይህ ኃይል ለዓመታት ከልክ በላይ ሆኖ ሲቆይ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። ጉዳቱ በአንጎል ላይ ሲደርስ ስትሮክ፣ በልብ ላይ ሲደርስ የልብ ድካም፣ በኩላሊት ላይ ሲደርስ የኩላሊት ሥራ ማቆም ሆኖ ይገለጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣቸው መረጃዎች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቁጥሩ 650 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ 9,800 ያህል ሰዎችን ያካተተ አገር አቀፍ ጥናት ያካሄደ ሲሆን፣ ከመቶው 16 የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በከተማ ደግሞ ልኩ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ከሆኑት መካከል ከወንዶች 31.5 ከመቶ፣ ከሴቶች 28.9 ከመቶ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የጎንደር ከተማ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 28.3 ከመቶ ላይ አግኝቶታል። እነዚህ የከተማ አኃዞች በአረብ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ግምገማ ካገኘው 29.5 ከመቶ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ የባለጸጋ አገሮች ብቻ ነው የሚለው የቆየ እምነት በአሁኑ ዘመን መሠረት የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜና አጎራባቿ የፎገራ ሜዳ ነው። አካባቢው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ፣ በሩዝና በከብት ሀብቱ የታወቀ ነው። አብዛኛው ነዋሪ አራሽ ነው፣ ይህም ማለት ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። «ጉልበተኛ ሰው ግፊት አይዘውም» የሚለው ግምት ከዚህ ይመነጫል። የአካል እንቅስቃሴ ግፊትን የሚቀንስ ቢሆንም፣ ዕድሜ፣ የዘር ውርስ፣ ጨውና የአልኮል መጠጥ ግን በአራሹ ላይም ሥራቸውን አያቋርጡም።

2. ሦስት ደረጃዎች፣ ሦስት ኪሳራዎች

የደም ግፊት ጥናቶች ዘወትር ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃሉ። ግፊት ካለባቸው ሰዎች ስንቱ ያውቃሉ? ስንቱ መድኃኒት ይወስዳሉ? ስንቱስ ግፊታቸው ከ140/90 በታች ወርዷል? በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 መልሱ እንደሚከተለው ነበር። ግፊት ካለባቸው 100 ጎልማሶች 54 ያህሉ ያውቁ ነበር፤ 42ቱ ይታከሙ ነበር፤ 21 ብቻ ይቆጣጠሩት ነበር። በቀድሞ ጊዜ ተመራማሪዎች ይህን «የግማሽ ሕግ» ይሉት ነበር፤ ግማሹ ያውቃል፣ ከሚያውቀው ግማሹ ይታከማል፣ ከሚታከመው ግማሹ ይቆጣጠራል ለማለት ነው።

የዚህን ስሌት ትርጉም በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። የግማሽ ሕግ ሙሉ በሙሉ ቢሠራ፣ ከ100 ሰዎች 50 ያውቃሉ፣ 25 ይታከማሉ፣ 12 ወይም 13 ብቻ ይቆጣጠራሉ። አንድ ወረዳ ኃይሉን ሁሉ በምርመራ ዘመቻ ላይ አውሎ የሚያውቁትን ወደ 80 ቢያደርስ፣ ነገር ግን ሁለቱ ደረጃዎች እንደነበሩ ቢቆዩ፣ የሚቆጣጠሩት 20 ብቻ ይሆናሉ። በአንጻሩ ሦስቱም ደረጃዎች ከ50 ወደ 70 ከመቶ ከፍ ቢሉ፣ የሚቆጣጠሩት 34 ይደርሳሉ። በአንድ ደረጃ ከሚገኝ ትልቅ ድል ይልቅ በሦስቱም የሚገኝ መጠነኛ መሻሻል የተሻለ ፍሬ ይሰጣል።

ይህ ልዩነት በሕይወት የሚለካ ነው። በርካታ የሕክምና ሙከራዎችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ፣ የላይኛውን ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መቀነስ ስትሮክን በ27 ከመቶ፣ የልብ ድካምን በ28 ከመቶ፣ ጠቅላላ ሞትን በ13 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ ግን የሚገኘው ግፊቱ በእርግጥ ሲወርድ ነው። በሽታውን ማወቅ ብቻውን ወይም ስምን በመዝገብ ማስፈር ብቻውን ከስትሮክ አያድንም።

3. የማወቅ ደረጃ፦ ስሙና ልኬቱ

በጎንደር ከተማ ጥናት ግፊት ከተገኘባቸው ሰዎች 37 ከመቶው ቀድሞ አያውቁም ነበር። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመባት፣ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ያላት ከተማ ናት። እዚያ ይህን ያህል ሰው ሳያውቅ ከኖረ፣ መለኪያ ካለበት ቦታ ሰዓታት በሚርቅ የገጠር ቀበሌ የማያውቀው ድርሻ ከዚህ ይበልጣል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የሕመሙ ጠባይ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ሳያምና ሳያደክም ይቀመጣል። በአካባቢው የሕክምና ፍለጋ ልማድ ደግሞ ሕመምን ተከትሎ የሚነሣ ነው፤ ያልታመመ ሰው ሥራ ትቶ ጤና ጣቢያ አይሄድም።

ሁለተኛው እንቅፋት በቋንቋ ውስጥ የተሰወረ ነው። ሕዝቡ ሕመሙን «ደም ብዛት» ይለዋል። ይህ ስም የሚነግረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደሙ በዝቷል፣ ስለዚህ መቀነስ አለበት የሚል ሐሳብ ያሳድራል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ዋግምት ያስደርጋል፤ ሌላው ሥጋና ወተት በመተው ብቻ ደሙ «እንዲያንስ» ይጠብቃል። የከሳና የገረጣ ሰው ደግሞ «እኔ ደም ማነስ እንጂ ደም ብዛት የለብኝም» ብሎ ራሱን ከሥጋቱ ያወጣል። በእርግጥ ግን ደም ማነስና ከፍተኛ ግፊት በአንድ ሰው ላይ በአንድነት ሊገኙ ይችላሉ፤ አንደኛው የደምን ይዘት፣ ሌላው ደሙ የሚጓዝበትን ኃይል ይመለከታልና። የጤና ባለሙያው ስሙን መንቀፍ አያስፈልገውም። በውኃ መሳቢያ ሞተርና በጎማ ቱቦ መስሎ ቢያስረዳ፣ ለመስኖ ሩዝና ሽንኩርት ውኃ የሚስበው የፎገራ ገበሬ ወዲያውኑ ይረዳዋል። ቱቦው የሚፈነዳው በውስጡ ያለው ውኃ ስለበዛ አይደለም፤ ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል ከቱቦው አቅም ሲያልፍ ነው።

ሦስተኛው የጾታ ልዩነት ነው። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ግፊታቸው ይለካል፤ ልጅ ለማስከተብም ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ። ወንዶች ግን እንዲህ ያለ መደበኛ አጋጣሚ የላቸውም። ስለዚህ ልኬቱ ወንዶች ወደሚገኙበት ወደ ገበያ፣ ወደ ዕድርና ወደ ማኅበር መሄድ ይኖርበታል። በደራ ወረዳ የሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ፈላጊዎች የሚሰበሰቡበት በመሆኑ እንዲሁ ተስማሚ ስፍራ ነው።

ልኬቱ ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። ተለኪው ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ፣ ሳይናገር ለ5 ደቂቃ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ክንዱ በጠረጴዛ ላይ በልብ ልክ ማረፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲለካ የላይኛው ልክ በአማካይ 6.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አረጋግጧል። በገበያ ግርግር ቆሞ የተለካ ሰው በአንድ ልኬት «ግፊት አለብህ» ከተባለ በሽታ የሌለበት ሊደነግጥ ይችላል፤ በሌላ ቀን ልኩ ወርዶ ሲያገኘው ደግሞ በሙያው ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል።

4. የመታከም ደረጃ፦ ዋጋ፣ ጠበልና ጾም

ለሕክምናው የሚያገለግሉት መድኃኒቶች ለብዙ ዓመታት የተፈተኑና በአንጻራዊነት ርካሽ የሆኑ ናቸው። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ትንሽ ቢሆንም ሕክምናው የዕድሜ ልክ በመሆኑ ድምሩ ለአራሽ ቤተሰብ ከባድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ አካባቢው አንድ ታሪካዊ ዕድል አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። በመሆኑም የመዋጮና የመታወቂያ አሠራር ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የመድኑ ጥቅም በተግባር የሚፈተነው ግን በመድኃኒት መስጫው መስኮት ነው። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ከሌለ አባሉ ከግል መደብር በኪሱ ይገዛል፤ ይህ ሲደጋገም ክትትሉንም የመድን አባልነቱንም መተው ይጀምራል። ለግፊት ሕመምተኛ የመድኃኒት መቋረጥ በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ግፊቱን መልሶ ከፍ ያደርጋል፣ የሕመምተኛውንም ተስፋ ይቀንሳል።

ሌላው ጉዳይ ጠበል ነው። ብዙ ምእመናን በጠበል ቦታ ሲሰነብቱ መድኃኒት መውሰድ እምነትን እንደ መጠራጠር ይቆጥሩታል። ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን አባቶች በመኖራቸው፣ የጤና ባለሙያው ሊያደርግ የሚገባው ከእነዚህ አባቶች ጋር መመካከር ነው። ስለ መድኃኒቱ አለመቋረጥ ከንስሐ አባት የሚሰጥ አንድ ምክር ከብዙ ፖስተር ይበልጥ ይሰማል።

ጾምም ተመሳሳይ ትኩረት ይፈልጋል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እህል ውኃ እስከ ተሲያት ወይም እስከ ማታ የማይቀምስ ሰው፣ «ጠዋት ጠዋት ውሰድ» የተባለውን ክኒን ይተወዋል። ለሁለት ወራት ገደማ የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም በዚህ መንገድ የሁለት ወር ያህል የሕክምና መቋረጥ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። በእንግሊዝ አገር 21 ሺህ ያህል ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ፣ የግፊት መድኃኒትን ጠዋት ወይም ማታ መውሰድ ልብንና አንጎልን ከአደጋ በመጠበቅ ረገድ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን በጾም ወራት ወደ መብያው ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ሊያቋርጥ ስለሚችል ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር መወሰን ይገባል። ቀጠሮ የሚሰጠው ባለሙያ የጾሙን መግቢያ አስቀድሞ ጠይቆ ሰዓቱን ቢያስተካክል፣ ሕመምተኛው በሃይማኖቱና በጤናው መካከል እንዲመርጥ አይገደድም።

5. የመቆጣጠር ደረጃ፦ ክረምት፣ መጠንና መዝገብ

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ግፊቱ አይወርድም። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች በተለይ መታየት አለባቸው።

አንደኛው የክትትል ርቀት ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ሰፊ ክፍል በውኃ ይዋጣል፤ ከሐይቁ አጠገብ ያሉ ቀበሌዎች ከመንገድ ይቆረጣሉ። ወቅቱ የሩዝ አረም ጊዜም በመሆኑ፣ በየወሩ ለክኒን ብቻ ወደ ወረታ ወይም ወደ አንበሳሜ መመላለስ ለብዙዎች የማይቻል ነው። ጸጥታ በሚደፈርስበትና መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከወቅት ጋር የተያያዘ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ፣ ሕመምተኛው ግፊቱ እስኪወርድ በየወሩ፣ ከወረደ በኋላ ግን በየ3 እስከ 6 ወሩ ክትትል እንዲደረግለት ይመክራል። በዚህ መሠረት ግፊታቸው የተረጋጋ ሕመምተኞች ሰኔ ሲገባ የሦስት ወር መድኃኒት ቢሰጣቸው ክረምቱን ያለ መቋረጥ ይሻገራሉ።

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ሕመምተኛው መጥቶ ግፊቱ 160 ሆኖ እየተገኘ «ያንኑ ቀጥል» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ ከአንድ በላይ ዓይነት መድኃኒት ያስፈልገዋል። ባለሙያው መቼ መጠን እንደሚጨምር፣ መቼ ሁለተኛ መድኃኒት እንደሚያክል በአንድ ገጽ የተጻፈ ቅደም ተከተል ቢኖረው፣ ውሳኔው በግለሰብ ድፍረት ላይ አይንጠለጠልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ «ሃርትስ» በሚል ስም የሚያሰራጨው የአሠራር ጥቅል ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያም የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሕክምናውን እንዲሰጡ ይፈቅዳል።

ሦስተኛው የመዝገብ አያያዝ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ 200 ሕመምተኞች መዝግቦ፣ በሩብ ዓመቱ 120 ብቻ ቢመጡና ከእነዚህ የ72ቱ ግፊት ወርዶ ቢገኝ፣ ሪፖርቱ «60 ከመቶ ተቆጣጥሯል» ይላል። ይህ የተሰላው ከመጡት ነው። ከተመዘገቡት ከተሰላ ግን ውጤቱ 36 ከመቶ ነው። ያልመጡት 80 ሰዎች በመጀመሪያው ስሌት ፈጽሞ አይታዩም፤ ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጡትም እነርሱ ናቸው። የጠፉትን በስም የሚያሳይ መዝገብ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ለተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢደርስ፣ ቤት ለቤት ጉዞአቸው ግልጽ ዓላማ ያገኛል።

6. ጨው በማጀት

በ2007ቱ አገር አቀፍ ጥናት የአንድ ኢትዮጵያዊ የቀን የጨው ፍጆታ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። በበለጸጉ አገሮች አብዛኛው ጨው ከፋብሪካ ምግብ ይመጣል። በአንበሳሜና በወረታ ግን የሚመጣው ከማጀት ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ በአንዳንድ ቤት ቡናውም በጨው ይጠጣል። ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜና ነው፤ ለመቀነስ የፋብሪካ ፈቃድ አያስፈልግምና። በበርበሬው ውስጥ ያለውን ጨው ቆጥሮ በወጡ ላይ የሚጨመረውን መቀነስ፣ ቡናውን ያለ ጨው መልመድ፣ በጥቂት ሳምንታት ምላስ የሚቀበለው ለውጥ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ለእንቅርት መከላከያ አስፈላጊ በመሆኑ፣ ምክሩ መጠኑን መቀነስ እንጂ ወደ አዮዲን አልባ ጨው መመለስ አለመሆኑ በግልጽ መነገር አለበት።

በቻይና 600 የገጠር መንደሮች በ21 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ፣ ከተራው ጨው ከፊሉ በፖታሲየም ጨው ሲተካ ስትሮክ በ14 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምግብን በቤት የሚያበስል የገጠር ማኅበረሰብ በጨው ለውጥ ሕይወት ማትረፍ እንደሚችል ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ይሁንና ፖታሲየም ያለው ጨው ለኩላሊት ሕመምተኞች አደገኛ ስለሚሆን ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ትንታኔ አምስት ተግባራዊ ነጥቦችን ያመለክታል። አንደኛ፣ ልኬት ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት ስፍራ መሄድ፣ በትክክለኛ አቀማመጥም መከናወን አለበት። ሁለተኛ፣ «ደም ብዛት» የሚለው ስም የሚያስከትለው የተሳሳተ ግንዛቤ በአካባቢው ምሳሌዎች መቃናት ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ሰዓት ከጾም፣ የቀጠሮ ርዝመት ከክረምት ጋር መጣጣም ይኖርበታል። አራተኛ፣ መዝገቡ የመጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትን መቁጠር አለበት። አምስተኛ፣ የጨው ትምህርት ምግቡን ለሚያዘጋጁት በማጀታቸው ልክ መሰጠት አለበት።

እንደ ኮስታ ሪካ ያሉ በወቅቱ መካከለኛ ገቢ የነበራቸው አገሮች በግፊት ሕክምና ከአንዳንድ ባለጸጋ አገሮች የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸው፣ ጉዳዩ ከሀብት ይበልጥ በአደረጃጀት የሚወሰን መሆኑን ያሳያል። ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች አብዛኞቹ አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የተስተካከለ መለኪያ፣ ያልተቋረጠ ክኒንና የሕመምተኛውን የጾም፣ የእርሻና የጎርፍ ዘመን መቁጠሪያ የሚያውቅ ቀጠሮ ነው። ግማሽ አካሉ ሽባ የሆነ አራሽ በአንድ ቤት ውስጥ ሲገኝ የሚቆመው ሞፈሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያስታምመው የቤተሰብ አባልም ከእርሻው፣ አስታማሚው ልጅ ከሆነም ከትምህርቱ ይቀራል። በሰኔ የሚሰጥ የሦስት ወር መድኃኒት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዘን ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው።